ሆሜር ከማን ሰማ?

ትልቅ ድርሰት ባነበብሁ ቁጥር አንድ ጥያቄ ይከተለኛል፤ ደራሲው ይህን ከማን ሰማው? «ከራሱ አመነጨው» የሚለው መልስ አጥግቦኝ አያውቅም። ጥያቄው በተለይ የሚበረታብኝ ኢሊያድን ሳነብ ነው። የግሪክ ሥነ ጽሑፍ ከሆሜር ይጀምራል ሲባል፣ ከእርሱ በስተኋላ ባዶ ሜዳ ብቻ ያለ ያስመስላል።

ሜዳው ባዶ እንዳልነበረ የሚመሰክረው ግን ከግሪክ ምድር አልተገኘም። በዛሬይቱ ቱርክ መሐል አገር፣ ቦጋዝኮይ አጠገብ ነው የወጣው። እ.ኤ.አ. በ1906 ሁጎ ቪንክለርና ቴዎዶር ማክሪዲ እዚያ ሲቆፍሩ፣ የኬጢያውያን ዋና ከተማ የሐቱሳ መዛግብት ብቅ አሉ። የኬጢያውያን ስም ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ ከኬጢያዊው ከኦርዮ ታሪክ እናውቀዋለን። እስካሁን የተሰበሰበው የሸክላ ጽላት፣ ስብርባሪው ጭምር፣ ወደ 30,000 ይጠጋል። ቋንቋውን ማንም አያነበውም ነበር። በ1915 ቤድሪኽ ህሮዝኒ የተባለ ሊቅ ስለ ዳቦና ስለ ውሃ ከምትናገር አንዲት ዓረፍተ ነገር ተነሥቶ፣ ቋንቋው የግሪክኛና የላቲን ዘመድ መሆኑን አስረዳ።

ከጽላቶቹ አንዱ የቃል ኪዳን ውል ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1280 ገደማ ንጉሥ ሙዋታሊ በምዕራብ አናቶሊያ ከነበረችው ከዊሉሳ ገዥ ጋር ተዋዋለ። የገዥው ስም አላክሳንዱ ይባላል። ኢሊያድን ያነበበ ሰው እዚህ ላይ ጆሮውን ያቆማል፤ ሄለንን የወሰደው ፓሪስ ሌላ ስሙ አሌክሳንድሮስ ነውና። ትሮይም ኢሊዮስ የሚል ሌላ ስም አላት፤ በጥንቱ አነጋገር ዊሊዮስ። ብዙ ሊቃውንት ዊሉሳ ትሮይ ናት ይላሉ። ከዚህ ተነሥቶ አላክሳንዱ ራሱ ፓሪስ ነው ማለት ግን አይቻልም፤ ሞክሼ ሁሉ አንድ ሰው አይደለም።

ከስሙ ይልቅ እኔን የሚይዘኝ ታሪኩ ነው። በ1983 ሐቱሳ ውስጥ «የነጻነት መዝሙር» የሚባል ግጥም ተገኘ፤ በሁሪ ቋንቋና በኬጢያውያን ቋንቋ ጎን ለጎን የተጻፈ። የማዕበሉ አምላክ ቴሹብ የኤብላ ከተማ ምርኮኞችን እንድትለቅ ይጠይቃል፤ ካልለቀቀች ሊያጠፋት ይዝታል። በሸንጎው ፊት አንደበተ ርቱዕ ሰው ተነሥቶ «አንለቅም» ብሎ ይከራከራል። ኢሊያድስ በምን ይጀምራል? አንድ ሽማግሌ ካህን የተማረከች ልጁን ይለምናል፤ አጋሜምኖን እምቢ ይላል፤ አፖሎ በሠራዊቱ ላይ መቅሠፍት ያወርዳል።

የቀብሩ ነገር ደግሞ ይብሳል። የኬጢያውያን ንጉሥ ሲሞት አስከሬኑ ይቃጠላል። ሲነጋ ሴቶች መጥተው እሳቱን በቢራና በወይን ጠጅ ያጠፋሉ፤ አጥንቱን ለቅመው ዘይት ባለበት የብር ዕቃ ይጨምራሉ፤ በኋላም በበፍታ ይጠቀልሉታል። በኢሊያድም የፓትሮክለስ እሳት በወይን ጠጅ ይጠፋል፤ አጥንቱ በስብ ተሸፍኖ በወርቅ ዕቃ ይቀመጣል፤ በላዩም በፍታ ይለብሳል።

ይህን ሁሉ ለአንድ ወዳጄ ባጫውተው፣ «እንግዲያ ሆሜር ቀማኛ ነበር በለኛ!» አለኝ። ሙግታችን እስከ ማታ ዘለቀ። እንደኔ እምነት ቀማኛ የሚባለው ባለቤቱን የሚያጎድል ነው። ሐቱሳ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ12ኛው መቶ ዓመት መባቻ ላይ ተፈታች፤ ጽላቶቿ ሦስት ሺህ ዓመት ከአፈር በታች ተኙ፤ ቋንቋዋም ጠፋ። ሜሪ ባችቫሮቫ የተባለች ምሁር በ2016 ባሳተመችው መጽሐፍ፣ ታሪኮቹን ወደ ግሪኮች ያሻገሩት ሁለት ቋንቋ የሚያውቁ አዝማሪዎች ናቸው ትላለች። እንደዚያ ከሆነ፣ መንግሥቱ ያልጠበቀውን የጎረቤት አንደበት ጠበቀው ማለት ነው። ይህ ቅሚያ ሳይሆን ውርስ ነው። ወራሽም የሚመዘነው በተቀበለው ላይ በጨመረው ነው።

ሆሜር ምን ጨመረ? በሙዋታሊ ውል ውስጥ መሐላ አለ፤ የጦር እርዳታ አለ፤ ምስክር የሚሆኑ አማልክት አሉ። የዊሉሳ ሰዎች ሲያለቅሱ ግን አይሰማም፤ ውል ነውና አይጠበቅበትም። በኢሊያድ መጨረሻ ሽማግሌው ፕሪያም በሌሊት ወደ ጠላቱ ድንኳን ገብቶ ልጁን የገደለውን የአኪለስን እጅ ይስማል። ሁለቱም ያለቅሳሉ፤ ፕሪያም ለሄክቶር፣ አኪለስ ለአባቱና ለፓትሮክለስ። ግሪካዊው ባለቅኔ የመጨረሻውን ቀብር የሰጠው ለትሮዩ ሰው ለሄክቶር ነው።

ወዳጄ እዚህ ላይ ዝም አለ። ተረትቶ ይሁን ደክሞት አላውቅም። በማግሥቱ ግን ኢሊያድን እንዳውሰው መልእክት ላከብኝ።