ቀድሞ ለመሳፈር መክፈል ያዋጣልን?

እህቴ ሆይ፣ ከጀጎል ግንብ ወጥተሽ ወደ ድሬዳዋ ለመውረድ መናኸሪያ ስትደርሺ፣ «ጥቂት ጨምሪና ቀድመሽ ግቢ» የሚልሽ አይታጣ ይሆናል። እኔ አንድ ጊዜ ልጄን ታቅፌ ከፍያለሁ። ሚኒባሱ ግን ካልሞላ አይነሣምና፣ የገዛሁት በፀሐይ የጋለ መኪና ውስጥ መጠበቅን ኖሮአል! በመጨረሻ የገባችው ሴት ገና እንደ ተቀመጠች ተነሣን።

በአውሮፓ እንደ ራያንኤር ያሉ ርካሽ አየር መንገዶችም ቀድሞ ለመሳፈር ያስከፍላሉ። እዚያ ወንበሩ በቁጥር የተመደበ ስለሆነ፣ የክፍያው ዋና ጥቅም ተጨማሪ የእጅ ሻንጣ ይዞ መግባት ነው፤ ሻንጣ ለሌላት ምን ይረባታል?

ልጅሽን የደንገጎ ጠመዝማዛ ቁልቁለት የሚያስመልሰው ከሆነ ግን ለመስኮቱ ወንበር ክፈይ፤ አስቀድመሽ ስንት ወንበር እንደ ቀረ ቁጠሪ። ፌስታልም አትርሺ።