«ምንም አያስፈልገኝም» ለሚል አባት የገና ስጦታ
በአብዛኛው ታኅሣሥ 29 ቀን በሚከበረው የገና በዓል ለአባት ስጦታ መስጠት በኢትዮጵያ ኦርቶዶክሳውያን ቤተሰቦች ዘንድ እምብዛም ሥር የሰደደ ልማድ አይደለም፤ ከዚህ ይልቅ የጸናው በፋሲካ ሰሞን ልጆች ለወላጆቻቸው፣ የክርስትና ልጆችም ለክርስትና አባቶቻቸው የሚወስዱት አክፋይ የተባለው የምግብና የመጠጥ ስጦታ ነው። ስለዚህ «ምንም አያስፈልገኝም፤ እናንተ ብቻ ደኅና ሁኑ» የሚል አባት ያለው ልጅ፣ በተለይም በአሜሪካ ኖሮ የፈረንጆቹን ገና የገበያ ግርግር የለመደ ከሆነ፣ የሚመራበት ወግ በማጣቱ ሰዓት ወይም ስልክ ይልካል፤ ዕቃው ግን ከነማሸጊያው ቁም ሣጥን ውስጥ ይቀመጣል፣ አለዚያም (ይህ ሳይብስ አይቀርም) ሊጠይቅ ለመጣ ዘመድ ይሰጣል።

የተሻለው ምርጫ ጋቢ፣ ማለትም አራት ድርብ ሆኖ የሚሰፋ ወፍራም የጥጥ ሸማ ይመስላል፤ የታኅሣሥ ብርድ በሚጠናባቸው ደጋማ አካባቢዎች በማለዳ ቤተ ክርስቲያን የሚሳለም አዛውንት ሳይለብሰው የሚውልበት ቀን ጥቂት ነውና። እንደ ሽሮ ሜዳ ባሉ ገበያዎች የተዘጋጀ ጋቢ በቀላሉ ይገኛል፤ ሆኖም ማጉ፣ ይኸውም በድሩ መካከል አግድም የሚገባው ክር፣ በእናት ወይም በአክስት እጅ በእንዝርት ተፈትሎ ለሸማኔ የተሰጠ እንደሆነ አባትየው የማን እጅ ሥራ እንደለበሰ ያውቃል፤ እንዲህ ያለውን ደግሞ ለእንግዳ አንስቶ መስጠት ይከብዳል። ፈትል ጊዜ የሚፈጅ ሥራ ስለሆነ፣ የነቢያት ጾም በሚገባበት በኅዳር 15 አካባቢ ማሰብ ለጀመረ ልጅ ነገሩ ዘግይቷል፤ ጥጡ ከመስከረም ጀምሮ መባዘት አለበት።