ምልክቱ ጠፋ እንጂ እህሉ አልጠፋም

ባለፈው ጥር ለዕረፍት ቆቦ በወረድን ጊዜ፣ በፓምፕ ውሃ ሽንኩርት ለሚያጠጡ ጎረቤቶቻችን የተራ ሰዓት የሚያሰላ ፕሮግራም ይዘን ነበር። የጻፍነው ምንጭ ከግቢ ቀርቷል፤ በእጃችን ያለው የሚሠራው ፋይል ብቻ ነው።

አንድ ማታ ፕሮግራሙ እየሠራ ሳለ፣ ከመካከላችን አንዱ ሌላ ፋይል በ«ኤምቪ» ትእዛዝ ወደዚያው ስም አዛወረ። ሊኑክስም ምንም ሳይጠይቅ ስሙን ለአዲሱ ሰጠ። ደነገጥን። የልማዳችን መድኃኒት «አጥፍቶ ማብራት» ነውና እጃችን ወደ ማጥፊያው ሄደ።

የቤቱ አባት ነገሩን ብናስረዳቸው ሳቅ ብለው፣ «ማሽላ ያኖርንበት ጉድጓድ ምልክቱ ቢጠፋ፣ እህሉ ጠፋ ይባላል እንዴ?» አሉን።

እጃችንን መለስን። ዩኒክስ እ.ኤ.አ. በ1969 ቤል ላቦራቶሪ ውስጥ ሲወለድ ጀምሮ የፋይል ስምና ይዘት የተለያዩ ናቸው። ስም ምልክት ነው፤ ስሙ ቢነሣም እንኳ ፕሮግራሙ እየሠራ እስካለ ድረስ ይዘቱ ከዲስኩ አይለቀቅም። በ«ፒኤስ» የፕሮግራሙን ቁጥር አገኘን፤ «ፕሮክ» በሚባለው ማኅደር፣ በዚያው ቁጥር ሥር ያለውን «ኢኤክስኢ» በ«ሲፒ» ወደ ሌላ ስም ገለበጥነው። ፕሮግራማችን ከነነፍሱ ወጣ።

አጥፍተነው ቢሆን ኖሮ ይዘቱም ይለቀቅ፣ ጎረቤቶቻችንም በማግሥቱ ያለ ተራ ያድሩ ነበር።

ወንድሞችና እህቶች ሆይ፣ ፋይል ሲጠፋባችሁ ለማጥፋት አትቸኩሉ። ዳሩ ግን ወቀሳው የእኛው ነው፤ ገበሬው በጉድጓዱ ላይ ምልክት ሲያኖር፣ እኛ የተማርነው አንድ ግልባጭ እንኳ አላኖርንም።