የእናቴ መነጽርና የጎመኑ ትል

ልጅ አንድ ነገር ሲወድ ወላጅ መጀመሪያ የሚያሰላው ዋጋውን ነው። የ12 ዓመቱ ልጄ ባለፈው በጋ የነፍሳት ፎቶ ማንሳት ሲጀምር እኔም ያንኑ አደረግሁ። ለቅርብ ፎቶ ተብሎ የሚሠራው «ማክሮ» ሌንስ ከአቅማችን በላይ ነው። ቤት ያለው አሮጌ ካሜራና ባለ 50 ሚሊሜትር ተራ ሌንስ ነው። ይህ ሌንስ በጣም ሲጠጉበት ያደበዝዛል፤ ራቅ ሲሉ ደግሞ ጉንዳኗ ነጥብ ሆና ትቀራለች።

የመጀመሪያው መፍትሔ እናቴ ዳዊት የምትደግምበት መነጽር ሆነ። «ፕላስ 3» የሚባል መነጽር 33 ሴንቲሜትር ላይ ያለውን ነገር ለዓይን ከሩቅ እንዳለ ያደርገዋል፤ «ፕላስ 4» ደግሞ 25 ሴንቲሜትር ላይ ያለውን። በካሜራ ሌንስ ፊት ሲያዝም ሥራው ያው ነው። በሌንስ ጫፍ ላይ የምትጠመደው «ክሎዝ አፕ» የምትባል ክብ መስታወትም የምትሸጠው በዚሁ ቁጥር ነው።

ቀጥሎ ያገለገለ ዕቃ ከሚሸጥ ሰው በካሜራውና በሌንሱ መካከል የሚገቡ ቀለበቶች ገዛን። ውስጣቸው ባዶ ነው፤ መስታወት የላቸውም። ሥራቸው ሌንሱን ከካሜራው ማራቅ ብቻ ነው። ሒሳቡን ልጄ ራሱ ሠራው፦ የቀለበቱ ርዝመት ለሌንሱ ቁጥር ይካፈላል። ባለ 50 ሌንስ ላይ 25 ሚሊሜትር ቀለበት ሲገባ ምስሉ የነገሩን ግማሽ ያህላል። 50 ሚሊሜትር ሲገባ ግን እኩል ይሆናል፤ 1 ሚሊሜትር የምታህል የጤፍ ፍሬ ምስሉን በሚቀበለው የካሜራው ገጽ ላይም 1 ሚሊሜትር ሆና ታርፋለች። ገጹ ጠባብ ስለሆነ ያው ፎቶ በኮምፒዩተር ሲታይ ፍሬዋ ባቄላ ታክላለች።

ታዲያ በነጻ የሚገኝ ነገር የለም። በዚህ ልክ ሲጎላ ወደ ካሜራው የሚደርሰው ብርሃን ወደ ሩብ ይወርዳል። ጥርት ብሎ የሚታየው ውፍረትም ብዙውን ጊዜ ከ1 ሚሊሜትር ያነሰ ነው፤ ትንፋሽ እንኳ ያበላሸዋል። የቃሊቲን አቧራ የሚያውቅ ደግሞ ከባድ መኪና በሚመላለስበት መንገድ ዳር ሌንስ አይፈታም። እኛ ቀለበት የምንቀይረው በር ዘግተን ነው።

በዚህ መሀል የጓሮ ጎመናችንን ክሽክሽ ወረረው። እናቴ «መድኃኒት ይረጭበት» አለች። በክሽክሹ መካከል ጥቁር ሆኖ ብርቱካናማ ምልክት ያለበት፣ ሲያዩት የሚያስጠላ ትንሽ ትል ይሄዳል። ለእሷ እሱም ሌላ ጠላት ነው። ልጄ ግን ቀለበቶቹን ደርድሮ ግማሽ ቀን ጎመኑ ሥር ተንበረከከ። ከብዙ ብዥ ያሉ ፎቶዎች አንዱ ጠራ፦ ትሉ አንድ ክሽክሽ በአፉ ይዟል።

«እማማ፣ እዪው፤ እየበላልሽ ነው» አላት።

ትሉ የዚያች ቀይ ሆና ጥቁር ነጠብጣብ ያለባት ጥንዚዛ ልጅ ነው። እናቷም ልጇም ክሽክሽ ይበላሉ። እናቴ ፎቶውን ለረጅም ጊዜ አየችና «ይህንን ስንቱን በጣቴ ጨፍልቄዋለሁ!» አለች። መድኃኒት ብንረጭ አብሮ የሚያልቀው እሱ ነበር፤ ጎመኑንም የምንበላው እኛው ነን። ስለዚህ ክፉኛ የተወረሩትን ቅጠሎች ቆርጠን ጣልን፣ የቀሩትን በውኃ አጥበን ጠበቅን። ጎመኑ ሁሉ አልተረፈም፤ ለበዓል የሚበቃን ያህል ግን ቆረጥን።

ልጁ እንዲህ ያለ ፍላጎት ያለው ወላጅ ውድ ሌንስ ከማሰቡ በፊት ከአያት መነጽር ይጀምር፤ ፍላጎቱ ከሰነበተ ቀለበት ይከተላል። ካሜራውን ወደ ፀሐይ እንዳያዞር ብቻ ይምከረው። እናቴ አሁን ምስር ስትለቅም የማታውቀው ነገር ካጋጠማት አትጥለውም፤ በሰፌዱ ጥግ አስቀምጣ ልጁ ከትምህርት ቤት እስኪመለስ ትጠብቃለች።