በብርሃን የቆመና በጨለማ የተቀመጠ

የወንጀል ልቦለድ በሥነ ጽሑፍ አደባባይ የክብር ወንበር ተሰጥቶት አያውቅም። መንገድ ማሳጠሪያ፣ እንቅልፍ ማባረሪያ ነው ይባላል። ግጥምና ተውኔት የሚጽፍ ሰው የቁማርተኞችንና የሱሰኞችን ታሪክ ሲያገላብጥ የታየ እንደ ሆነማ፣ ወዳጆቹ ሳይቀሩ «ከዚህ ጭቃ ምን ትፈልጋለህ?» ይሉታል። እኔም ብዙ ጊዜ ተጠይቄአለሁ። ጥያቄው ተገቢ ስለ ሆነም ከአንድ መጽሐፍ ተነሥቼ ለመመለስ እሞክራለሁ።

መጽሐፉ አሜሪካዊው ደራሲ ኔልሰን አልግሬን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1949 ያሳተመው «ባለወርቅ ክንዱ ሰው» ነው። በሚቀጥለው ዓመት የአገሪቱን ብሔራዊ የመጽሐፍ ሽልማት ተቀዳጅቷል። ከእርሱ አስቀድሞ ዳሺል ሃሜትና ሬይመንድ ቻንድለር የወንጀልን ልቦለድ ወደ ጎዳና አውርደውት ነበር። በእነርሱ ሥራዎች ውስጥ ግን ብዙውን ጊዜ አንድ መርማሪ አለ። አንባቢው የዚያን ሰው ትከሻ ተደግፎ ጨለማውን ያቋርጣል፤ ሲጨርስም እጁን ታጥቦ ወደ ቤቱ ይመለሳል። አልግሬን እንዲህ ያለ መሪ አይሰጠንም።

ዋናው ገጸ ባሕርይ ፍራንኪ ማሺን በቺካጎ ከተማ፣ በዲቪዥን ጎዳና አካባቢ፣ ከፖላንድ የመጡ ስደተኞች ልጆች በሚኖሩበት ሠፈር ካርታ በማደል የሚተዳደር ሰው ነው። ባለወርቅ ክንድ ያሰኘው በቁማር ጠረጴዛ ላይ የማይሳሳተው እጁ ነው። ያው ክንድ ግን መርፌ የሚወጋበትም ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲቆስል ሕመሙን ለማስታገሥ የተሰጠው ሞርፊን እስከ ቤቱ ተከትሎት መጥቷል። ዕፁን የሚሸጥለትን ሰው በጠብ መካከል ሲገድለው አንባቢው በዐይኑ ያያል። ስለዚህ «ማን ገደለ?» የሚለው የተለመደ ጥያቄ ቦታ የለውም። የሚቀረው ጥያቄ «ይህ ሰው ከራሱ ያመልጥ ይሆን?» የሚለው ብቻ ነው።

እንደ ተውኔት ጸሐፊ ከሁሉ አብልጦ የሚይዘኝ ተጠርጣሪዎች የሚታዩበት ትዕይንት ነው። በፖሊስ ጣቢያው አዳራሽ ተጠርጣሪዎቹ በደማቅ መብራት ሥር ተሰልፈው ይቆማሉ፤ የተበደሉት ሰዎች በጨለማ ተቀምጠው ይመለከታሉ፤ ካፒቴን ቤድናር ይጠይቃል። ይህ እንግዲህ ቴአትር ነው፤ መድረክም፣ መብራትም፣ ተመልካችም አለው። ይሁንና የሠፈሩን ሰው ሁሉ በደል መዝግቦ የያዘው ካፒቴን፣ ቀን በቀን ሲፈርድ ኖሮ በመጨረሻ የጥፋተኝነት ስሜቱ ወደ ራሱ ይዞራል። ወንጀለኞቹን ሳይሆን ራሱን መክሰስ ያምረዋል። መብራቱ ዞረ ማለት ነው።

ደራሲው ይህን ዓለም በወሬ አልሰማውም። ራሱ በ1934 በቴክሳስ የጽሕፈት መኪና ሰርቆ ለወራት ታስሯል። ሰውን በሩቅ ቆሞ ከሚያዝንለት ጸሐፊ ይልቅ አብሮ የተቀመጠ ጸሐፊ የተሻለ እንደሚሰማ ከዚህ ይታያል።

በ1955 ኦቶ ፕሬሚንጀር መጽሐፉን ወደ ፊልም ሲለውጠው፣ ስለ ዕፅ ሱስ በግልጽ ስለሚናገር የሆሊውድ የፊልም ኢንዱስትሪ ደንብ ማረጋገጫ ከለከለው። የሚያስገርመው፣ ፊልሙ በፍጻሜው ፍራንኪን ያድነዋል። መጽሐፉ አያድነውም፤ ፍራንኪ ራሱን ይሰቅላል። ተመልካች መዳንን እንደሚወድ በመድረክ የሠራ ሁሉ ያውቃል። ነገር ግን እያንዳንዱን ሱሰኛ በመጨረሻው ትዕይንት የምናድን ከሆነ፣ ላልዳኑት ምን ቃል ይቀርልናል?

አብሮን የሠራ አንድ ተዋናይ ነበረ። ድምፁ ያለ ማጉያ እስከ መጨረሻው ወንበር ይደርስ ነበር። መጠጥ በመጀመሪያ ድምፁን፣ ቀጥሎም ቃለ ተውኔቱን፣ በኋላም ሕይወቱን ወሰደ። በለቅሶው ድንኳን ውስጥ «በገዛ እጁ ነው» ሲባል ሰማሁ። ቃሉ ሐሰት አልነበረም፤ ሙሉም አልነበረም። ከትርኢት በኋላ በየምሽቱ ጠርሙሱን ማን ያወርድ እንደ ነበረ፣ እጁ መንቀጥቀጥ ሲጀምር ማን ይስቅ እንደ ነበረ በዚያ ድንኳን የጠየቀ አልነበረም። ሟቹ ብቻውን በብርሃን ቆሞ፣ እኛ ሁላችን በጨለማ ተቀምጠን ነበር።

ከዚህ ጭቃ የምፈልገው እንግዲህ ይህን ነው። በዚህ ስም የሚታተመው ሁሉ ይመሰገናል አልልም፤ ደምን ለገበያ፣ ሱስን ለጌጥ የሚያቀርበው ብዙ ነው። የምለየው በአንድ መመዘኛ ነው። መጥፎው መጽሐፍ በጨለማ እንደ ተቀመጥሁ ይተወኛል፤ እያየሁ፣ እየፈረድሁ፣ እየተደሰትሁ እውላለሁ። መልካሙ መጽሐፍ ግን መብራቱን አንሥቶ ወደ ወንበሬ ያዞረዋል፤ ስሜንም ይጠይቀኛል።