የአያቴን ሰንደቅ ዓላማ ያጠብኩ ዕለት

ከመካከላችሁ አባቱ፣ አያቱ ወይም አጎቱ ዘማች የነበረ፣ በቀብሩም ዕለት የአስከሬኑ ሣጥን የተሸፈነበት ሰንደቅ ዓላማ ለቤተሰቡ የተሰጠ ሰው እንደማይጠፋ እገምታለሁ። ይህ ጨርቅ በየቤታችን የት እንደሚቀመጥም አውቃለሁ። ከሣጥን ሥር፣ ከጋቢና ከነጠላ በታች፣ በፌስታል ተጠቅልሎ፣ ሦስት አራት ፍሬ ናፍታሊን ተጥሎበት ነው። ዛሬ ስለ እርሱ ላጫውታችሁ የተነሣሁት ባለሙያ ሆኜ አይደለም፤ አጥፍቼ ስለ ተማርኩ ነው።

አያቴ የቃኘው ዘማች ነበሩ። የመጀመሪያው ሻለቃ በሚያዝያ ወር 1943 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ሲነሣ እርሳቸው ገና ምልምል ወታደር ስለ ነበሩ፣ ወደ ኮሪያ የሄዱት ከሦስተኛው ቃኘው ጋር ነው። በሐምሌ ወር 1945 ዓ.ም. ተኩስ ሲቆም እዚያው ነበሩ። በዚያ ጦርነት ከ120 በላይ ኢትዮጵያውያን ሞተዋል፤ ከ500 በላይ ቆስለዋል፤ የተማረከ ግን አንድም አልነበረም። አያቴ ስለ ራሳቸው ብዙ አያወሩም ነበር። ስለ ብርዱ ያወራሉ፣ እንጀራ ስለ መናፈቃቸው ያወራሉ፤ «የተማረከ ግን የለም» የሚለውን ደግሞ ቡና በተፈላ ቁጥር ሳይናገሩ አይነሡም ነበር።

ያረፉት በሐምሌ ወር 2009 ዓ.ም. ነው። የዘነበውን ዝናብ አልረሳውም። በየከዘራቸው ተደግፈው የመጡት የጦር ጓዶቻቸው ሣጥኑ ወደ ጉድጓድ ከመውረዱ በፊት ሰንደቅ ዓላማውን አንሥተው አጠፉና ለሴት አያቴ በሁለት እጃቸው ሰጧቸው። ሲያነሡት አንዱ ጫፉ የመቃብሩን ጭቃ ነካ። በቤተ ክርስቲያን ውስጥ ደግሞ ቢጫው ላይ የጧፍ ሰም ተንጠባጥቦበት ነበር። እማማ ከነጭቃው፣ ከነሰሙ ተቀብለው ሣጥናቸው ውስጥ አኖሩት።

በዓመቱ፣ ሙት ዓመታቸው ሲቃረብ፣ እንግዳ ይመጣል ብለን ቤቱን ማሰናዳት ጀመርን። ግድግዳው ቀለም ተቀባ፤ መጋረጃው ታጠበ። ሥራ ውላ የምትገባ ሴት ያላት ቅዳሜ ብቻ መሆኑን እናንተም ታውቁታላችሁ። በዚያች ቅዳሜ እማማ ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱልኝ ሣጥኑን ከፈትኩ። ሰንደቁን ከፎቶግራፋቸው በላይ ልሰቅለው፣ አስቀድሜም ላጸዳው አስቤ ነበር። በቆሸሸ ሰንደቅ ዓላማ እንግዳ መቀበል ነውር መስሎ ታየኝ። ሳፋ ውስጥ ለብ ያለ ውኃ ቀዳሁ፤ የዱቄት ሳሙና በተንኩበት፤ ነከርኩት።

ጭቃው አልለቀቀም። የለቀቀው ቀዩ ነው። ውኃው በአንድ አፍታ የጠጅ ቀለም ያዘ። ደንግጬ አወጣሁትና እንደ አንሶላ ጨመቅኩት፤ ከዚያም ሁለት ላይ አጥፌ ገመድ ላይ ጣልኩት። ካፊያ ሲጀምር እንደ ታጠፈ ወደ ቤት አስገብቼ ወንበር ላይ ሰቀልኩት። ወደ ማታ ስገልጠው ቀዩ ከተኛበት በኩል ቢጫው ጽጌረዳ የመሰለ ነጠብጣብና ጭረት ወጥቶበት ነበር።

እማማ ገብተው አዩት። ይቆጡኛል ብዬ ስጠብቅ ነጠላቸውን ሳያወልቁ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። ቆየት ብለው ጭቃው የነበረበትን ጫፍ በጣታቸው ፈለጉት። ደብዝዞ ግማሹ ቀርቷል።

«ልጄ፣ ልብስ መሰለሽ?» አሉኝ። «ይኼ እኮ የመቃብሩ አፈር ነው።»

ከዚያ በኋላ ነገሩን የሚያውቅ ሰው መፈለግ ጀመርኩ። በመጨረሻም በሙዚየም ውስጥ የቆዩ አልባሳትን የምትንከባከብ አንዲት ሴት አግኝቼ ጠየቅኳት። የመጀመሪያ ቃሏ «አትጠቡት» የሚል ነበር፤ ሁለተኛውም እንደዚያው። በሰንደቅ ዓላማ ጨርቅ ላይ፣ በተለይ በጥጡ ላይ፣ ከድሩና ከማጉ ጋር በደንብ ያልተጣበቀ ትርፍ ቀለም ይኖራል። ደረቅ እስከ ሆነ ድረስ በቦታው ይቀመጣል፤ ውኃና ሳሙና ሲያገኝ ግን ይነሣና ወደ ጎረቤቱ ይሻገራል። አንዴ ከተሻገረና ከደረቀ የሚመልሰው የለም። በረኪና ያስለቅቀዋል ብላችሁ እንዳትሞክሩ። ክሩን ስለሚበላው ዛሬ የነጣ የመሰለው ቦታ በኋላ በጣት ሲነካ ይቀደዳል።

ቀለሙ ይልቀቅ አይልቀቅ ማወቅ የምትፈልጉ ከጠርዙ ስፌት ውስጥ፣ ዓይን በማያይበት ቦታ፣ እርጥብ ነጭ የጥጥ ጨርቅ ለጥቂት ደቂቃ ተጫኑበት። ቀለም ከተቀባ ነገሩ በዚያው አለቀ። ካልተቀባም ለመታጠብ ፈቃድ ተገኘ ማለት አይደለም፤ ሙቅ ውኃና ሳሙና ሌላ ጉልበት አላቸው። እንደ እኔ ስታችሁ ከነከራችሁት ደግሞ አትጭመቁ፤ አታጥፉም። በነጭ ፎጣ ላይ በሙሉ ስፋቱ ዘርግታችሁ በሌላ ደረቅ ፎጣ ከላይ ጫን ጫን እያደረጋችሁ ውኃውን አስወጡ። ያን ቀን ይህችን ብቻ ባውቅ ኖሮ ጉዳቱ በግማሽ በቀነሰ ነበር።

አቧራ ሌላ ነገር ነው፤ እርሱ መነሣት አለበት። ጠረጴዛ ላይ ዘርግታችሁ የሕፃን ፀጉር በሚበጠርበት ለስላሳ ብሩሽ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ቀስ ብላችሁ ጥረጉት። የአቧራ መጥረጊያ ማሽን ያላችሁ አፉን በአጎበር ቁራጭ ሸፍናችሁ፣ ኃይሉን ዝቅ አድርጋችሁ፣ ጨርቁን ሳታስነኩ ልትጠቀሙበት ትችላላችሁ። የጧፍ ሰም ያለበት በካውያ ለማቅለጥ አይሞክር። ሙቀቱ ሰሙን ወደ ክሩ ውስጥ ያሰርገዋል፤ ጨርቁ ናይለንነት ካለው ደግሞ እርሱንም ያቀልጠዋል። እኛ የእማማን ሰም እንዳለ ትተነዋል።

ስለ አቀማመጡ ብዙ አላደክማችሁም። ፌስታሉን አውጡ፤ እርጥበት ያፍናል። ናፍታሊኑንም አውጡ። ጨርቁን ከነካው ምልክት ይተዋል፤ ሕፃናት ባሉበት ቤት ደግሞ ሽታውም ፍሬውም አደገኛ ነው። ብል አጥብቆ የሚወደው ሱፍና ሐር ነው፤ ጥጥን ተባይ የሚያዘወትረው ስታርች ወይም የምግብ ፍርፋሪ ካገኘበት ነውና ስታርች አታስነኩት። በጋዜጣም አትጠቅልሉት። አዎን፣ በዚህኛውም ቢሆን! ቀለሙ ይነካዋል፤ ወረቀቱም እየቆየ ሲቢጭ ጨርቁን ያበላሸዋል። የሚሻለው ከጨርቅ ነጋዴ የጥቅል ካርቶን ቱቦ ለምኖ፣ ቱቦውን ሳሙናው በደንብ በለቀቀ ንጹሕ አቡጀዲ ሸፍኖ፣ ሰንደቁን ሳያጨማድዱ እርሱ ላይ መጠቅለል ነው። በላዩ ሌላ አቡጀዲ ይለብሳል። ቱቦ ካልተገኘና መታጠፉ ግድ ከሆነ፣ በእጥፋቱ ውስጥ የተድቦለቦለ አቡጀዲ ይግባበት፤ በየጊዜውም የሚታጠፍበት ቦታ ይለዋወጥ። ሁልጊዜ በአንድ መስመር የሚታጠፍ ጨርቅ በዚያው መስመር ይሰበራል።

መስቀሉን በተመለከተ እማማና እኔ ተከራክረናል። በአሜሪካ የምትኖር የአጎቴ ልጅ ነገሩን ሰምታ ስትመጣ ፊቱ መስተዋት የሆነ ባለ ሦስት ማዕዘን የእንጨት ሣጥን ይዛልን መጣች። እዚያ አገር የዘማች ሣጥን የሚሸፈንበት ባንዲራ በሦስት ማዕዘን ታጥፎ ለቤተሰብ ስለሚሰጥ ሣጥኑ የተሠራው ለእርሱ ልክ ነው። የእኛን ብናጥፈው በመስተዋቱ በኩል የሚታየው አንዱ ቀለም ብቻ ሆነ። እማማ ዘወር ብለው አይተው «አረንጓዴውስ ምን አጠፋ?» አሉ። ሣጥኑ አሁን የአያቴ ኒሻንና ፎቶግራፍ ይቀመጥበታል፤ በጣም ያምርበታል።

ሰንደቁን ዓመቱን ሙሉ ግድግዳ ላይ ማዋል የሚፈልግ ሰው ብርሃን ጠላቱ መሆኑን ይወቅ። በመስኮት ፊት ለፊት የተሰቀለ ቀለም ይነጣል፤ ጨለማ ውስጥ ቢመልሱትም የነጣው አይመለስም። ሚስማር፣ ሙጫና ፕላስተር አይንካው። አቡጀዲ በለበሰ ሰሌዳ ላይ በጥጥ ክር፣ በቀጭን መርፌ፣ ክሩን ሳይወጉ በድርና በማጉ መካከል እያሳለፉ ላላ አድርጎ መስፋት ነው። መስተዋት ከገባበት ጨርቁን እንዳይነካ ዙሪያውን ቀጭን እንጨት ይደረግለት። የቡናው ረከቦትና የዕጣን ማጨሻውም ራቅ ይበሉለት። በአንድ ክፍል ውስጥ አብስለን፣ አጭሰን፣ ተኝተን ለምናድር ይህን ሁሉ ማሟላት ቀላል አይደለም። እኔ የኮንዶሚኒየም ቤቴን ዙሪያውን ቃኝቼ፣ ከፀሐይና ከጭስ የሚያመልጥ አንድ ግድግዳ ብፈልግ አጣሁ።

ስለዚህ የእኛ ሰንደቅ የሚወጣው በዓመት አንድ ጊዜ ነው። በሙት ዓመታቸው ዋዜማ እጃችንን ታጥበን፣ ቀለበታችንን አውልቀን፣ ከቱቦው ፈትተን በእማማ አልጋ ላይ እንዘረጋዋለን። አየር ያገኛል፤ ብልም ካለ እናያለን። ዘመድ ሁሉ ቆሞ ያየዋል፤ በማግስቱ ይጠቀለላል።

ባለፈው ዓመት የስድስት ዓመቷ ልጄ ቢጫውን አይታ ለምን እንደዚህ ሆነ ብላ ጠየቀች። ልመልስላት ስል እማማ ቀደሙኝ። ጣታቸውን ሳያስነኩ፣ ከላይ ከላይ እያመለከቱ «ይቺ የጧፍ ናት። ይቺ አባባ የተኙበት አፈር ናት» አሏት። ጽጌረዳውን ቀለም ሲደርሱበት ወደኔ አየት አደረጉና፣

«ይቺኛዋ ደግሞ የናትሽ ሳሙና ናት» አሉ።