ማዘርን ማን ይክፈላት?

ዛሬ ጠዋት ሕፃናት ዋርድ የነበራችሁ ታውቁታላችሁ። ሪፖርት ተቀባብለን ሳንጨርስ ከካምፕ ሪፈር የተጻፈለት ልጅ ገባ። ወባ ነው። ደሙ በጣም ወርዷል፤ የዐይኑን ቆብ ገልበጥ አድርገን ስናየው ወረቀት መስሏል። ደም ይሰጠው ተባለ። እናት አሻፈረኝ አለች። ልጁን ደረቷ ላይ ለጥፋ ወደ በሩ አፈገፈገች። እኛ በአማርኛ እንለማመጣለን፣ እሷ ከኑዌር ሌላ አትሰማም።

የጽዳት ሠራተኛችን ማዘር ኮሪደር እያጸዳች ነበር። መወልወያውን ግድግዳ ላይ አስደግፋ እጇን ታጠበችና በኑዌር «ማሌ» ብላ ሰላምታ ሰጥታ እናትየው አጠገብ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። ለካ እናትየው ከልጇ ደም ልንቀዳ መስሏት ነው! ማዘር የደሙን ከረጢት አሳየቻት፣ የገዛ ክንዷን ዘርግታ ወደ ውስጥ እንደሚገባ በጣቷ እያሳየች አስረዳቻት። ትንሽ ቆይቶ እናትየው ልጁን ሰጠችን።

ይሄኔ የማዘር አለቃ ከተፍ አለ። «ኮሪደሩ ሳይወለወል እዚህ ተቀምጠሽ ታወሪያለሽ?» ሄድ ነርሳችን ቀደመችው፦ «እኔ ነኝ የጠራኋት፤ የምትጠይቀው ካለ እኔን ጠይቅ።» አልጠራቻትም እኮ! እንዲህ ያለች አለቃ ለሁላችሁም ይስጣችሁ።

የወሰድነው የሩህሩህነት ሥልጠና ትዝ ያለኝ ያኔ ነው፤ አሁንም ያናድደኛል። ጤና ሚኒስቴር በ2008 በጀመረው የአምስት ዓመት የትራንስፎርሜሽን ዕቅድ «ሩህሩህ፣ አክባሪና ተንከባካቢ ባለሙያ» የሚለውን ከአራቱ ዋና አጀንዳዎች አንዱ አድርጎት ነበር። ሐሳቡን ከልቤ እወደዋለሁ። እኛን ያሠለጠኑን ሰዎች ግን ፈገግ በሉ፣ ታካሚን በስሙ ጥሩ፣ ያመመውን ጠይቁ ብለውን ሄዱ። በየትኛው ቋንቋ? አኙዋ፣ ኑዌር፣ መዠንግር፣ ኦፖና ኮሞ ባሉበት ክልል ስለ አስተርጓሚ አንድ ቃል አልተነሣም። ተረኛ የሚያርፍበት ክፍል ውኃ አለው ወይ ያለም የለም። የዲዩቲ ክፍያማ አታንሡብኝ፤ ግንቦት 2017 ባለሙያው ሥራ እስከ ማቆም የደረሰው በክፍያ ጉዳይ ነው።

2008 ከተነሣ ደግሞ ሌላም አለ። በዚያው ዓመት ሚያዝያ የሙርሌ ታጣቂዎች ከደቡብ ሱዳን ወደ ክልላችን ተሻግረው ከ200 በላይ ሰው ገደሉ፣ ከ100 በላይ ሕፃናት ወሰዱ። ያኔ ቁስለኛ ሲያክሙ የሰነበቱ ሰዎች ዛሬም አብረውን ይሠራሉ። አንዷ ጓደኛዬ እስካሁን የመኪና ጡሩምባ በሰማች ቁጥር ትደነግጣለች። «እናንተስ እንቅልፍ ወሰዳችሁ?» ያላቸው አለቃ አልነበረም። ማንም የማይጠይቀው ሰው ሌሎችን እየጠየቀ ዕድሜውን እንዲጨርስ ነው የሚፈለገው። አይቻልም! ነርስ ስትቆጣችሁ አትከፉ አልልም፣ ተከፉ፤ ግን ከስንት ሰዓት ጀምሮ እንደቆመችም ጠይቁ።

ልጁ ደህና ነው። አመሻሽ ላይ ብስኩት አምጡ ብሎ አስቸገረን። ማዘር ይሄን ስትሰማ «ደሙን የሰጠው ሰው በላተኛ ነበር ማለት ነው» ብላ ዋርዱን በሳቅ ሞላችው። እናትየውም ተተርጉሞላት ሳቀች።

ሆስፒታል የምትመሩ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ማዘር ዛሬ ያደረገችው ሥራ ነው። ውለታ አታድርጉት። የአስተርጓሚ መደብ ክፈቱ፣ ደመወዙን ጻፉበት፣ መጀመሪያ እሷን ቅጠሩ።